ታክመው የሄዱ ሰዎች ትኩሳቱ ለምን ይመለስባቸዋል? ብሩሴሎሲስ በእንስሳት አርቢዎች ቤት

ጥያቄ — ከጤና ጣቢያ ነርስ

ጤና ይስጥልን። የምሠራው ነዋሪዎቹ ኑሯቸውን በፍየል፣ በበግ፣ በከብትና በግመል እርባታ በሚመሩበት አካባቢ ባለ አነስተኛ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። ከአንድ ቤተሰብ ጋር በተያያዘ ለብዙ ወራት ያሳሰበኝን ጉዳይ በሙያው የቆያችሁ እንድትረዱኝ በትሕትና አቀርባለሁ።

የቤቱ እናት መጀመሪያ የመጣችው ማታ ማታ የሚነሣ ትኩሳት፣ ልብስ የሚያርስ ላብና ድካም ይዟት ነበር። የደም ፊልሙ ወባ አላሳየም፤ እኛ ግን የወባ መድኃኒት ሰጥተን ሸኘናት። ሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ የዊዳል ምርመራ አድርገን የታይፎይድ መድኃኒት ሰጠናት፤ ለጥቂት ቀናት ተሽሏት ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ግን ከተቀመጠችበት አግዳሚ ለመነሣት የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ወገቧን ቀስ በቀስ ስታቃና አየኋት፤ ያን ጊዜ ነው ብሩሴሎሲስን (ተሕዋሲ የሚያመጣውን፣ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፈውን በሽታ) የጠረጠርኩት። ሮዝ ቤንጋል የሚባለው የደም ምርመራ ብሩሴሎሲስን አመለከተ። ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒሲን ለስድስት ሳምንት ታዘዘላትና ዳነች። ከአራት ወር በኋላ ትኩሳቱም የወገብ ሕመሙም ተመለሱ። በዚሁ መካከል ባለቤቷ የዘር ፍሬው አብጦ መጣ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውም አንድ ጉልበቱን እያመመው ማነከስ ጀምሯል።

መጀመሪያ ከታመመች ጊዜ አንሥቶ ወተት ሳናፈላ አንጠጣም ይላሉ፤ እኔም አምናቸዋለሁ። ታዲያ ይህ የቀደመው በሽታ ማገርሸቱ ነው፣ ተሕዋሲው መድኃኒቱን ተላምዶ ነው፣ ወይስ አዲስ ልክፍት ነው? ከባል ወደ ሚስት፣ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል ወይ? ወተቱ ከፈላ ደግሞ በየት በኩል ገባ?

መልስ 1 — ከእንስሳት ሐኪም

እኅቴ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ሰዎቹ በሚገባ ጽፈዋል፤ ስለ በረቱ ግን አንድም ቃል የለም። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ እኛም የእንስሳት ሐኪሞች ስለ መንጋው ጠይቀን ስለ ባለቤቱ ትኩሳት ሳንጠይቅ የምንመለስባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ብሩሴሎሲስ ግን የሰው በሽታ ሆኖ የሚጀምርበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል፤ አንድ ሰው ከታመመ የታመመ እንስሳ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ እነዚህን ሰዎች ባለፈው ዓመት ያለ ጊዜዋ የወለደች ወይም የጨነገፈች ፍየል፣ በግ ወይም ላም ነበረቻችሁ ወይ ብለው ይጠይቋቸው። ቀጥሎም ስትጨነግፍ አጠገቧ ማን ነበር፣ የወደቀውን ሽልና የእንግዴ ልጁን ያነሣው ማን ነው፣ የትስ ጣለው ብለው ይጠይቁ።

ብሩሴላ፣ ማለትም የበሽታው ተሕዋሲ፣ በነፍሰ ጡር እንስሳ ማኅፀን ውስጥ እጅግ ይራባል። በአመንዣኪ እንስሳት የእንግዴ ልጅ ውስጥ ኤሪትሪቶል የሚባል ተሕዋሲው የሚወደው የስኳር ዓይነት በብዛት ይገኛል፤ በዚህም የተነሣ በአንድ ጭንገፋ የሚወጣው ፈሳሽ፣ ሽልና የእንግዴ ልጅ በቢሊዮን የሚቆጠር ተሕዋሲ ይሸከማል። ወደ ሰው የሚገባው በአፍ ብቻ አይደለም፤ በተጫረ ቆዳ፣ በዓይን ሽፋን፣ በመተንፈሻም ይገባል፤ በአየር ከሆነ ከ10 እስከ 100 የሚሆኑ ተሕዋስያን እንኳ ሰውን ለማሳመም ሊበቁ ይችላሉ። በሌሊት ፍየል ስታምጥ የምትረዳውን ሴት እስቲ ያስቧት። መብራቱ ደብዛዛ ነው፤ ግልገሉ አልወጣም፤ እጇን እስከ ክርን አስገብታ ትስባለች፤ አውራ ጣቷ ላይ ቀን እንጨት ስትሰብር የተላጠ ቦታ አለ፤ ከዚያ በዚያው እጅ የግልገሉን አፍና አፍንጫ ትጠርግና ፊቷን ታብሳለች። ይህች ሴት በማግስቱ የምትጠጣውን ወተት አንድ ሰዓት ሙሉ ብታፈላው ለዚህኛው መንገድ ምንም አይጠቅማትም። የእርስዎም ቤተሰብ የጎደለው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ሌላው አርቢዎችን የሚያዘናጋ ነገር እንስሳዋ በአብዛኛው የምትጨነግፈው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጤነኛ የሚመስል ልጅ ትወልዳለች፤ ባለቤቱም አገገመች ብሎ ደስ ይለዋል። ተሕዋሲው ግን ጡቷ ውስጥና ከጡቷ በላይ ባሉት የንፍፊት ዕጢዎች ተቀምጦ በወተቷ፣ በወለደችም ጊዜ ከማኅፀኗ በሚወጣው ፈሳሽ ይወጣል። ከተለከፉ እናቶች ከሚወለዱ ጊደሮች ጥቂቶቹ ደግሞ በደም ምርመራ ሳይታወቅባቸው አድገው፣ መጀመሪያ ሲወልዱ ወይም ሲጨነግፉ ብቻ ይጋለጣሉ። ጉልበቷ ፊት ለፊት እንደ ኳስ ያበጠ ላም ካዩም ይጠርጥሩ። ግመል የራሱ የሆነ የብሩሴላ ዝርያ የለውም፤ አብረውት ከሚውሉት ፍየሎች፣ በጎችና ከብቶች ይወስዳል። የተቀላቀለ መንጋ በሚነዳበት ቦታ የግመል ወተት ሳይፈላ የሚጠጣ ከሆነ እርሱንም አይርሱ።

በታሪክም ተመሳሳይ ነገር አለ። በሽታው ቀድሞ የማልታ ትኩሳት ይባል ነበር። ዴቪድ ብሩስ የሚባለው የእንግሊዝ ጦር ሐኪም በማልታ ደሴት ከሞቱ ወታደሮች ጣፊያ ተሕዋሲውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ አጋማሽ ማለፊያ ላይ ነው። ከየት እንደሚመጣ ግን ሁለት አሥርት ዓመታት ለሚጠጋ ጊዜ አልታወቀም፤ እ.ኤ.አ. በ1905 ቴሚስቶክሊስ ዛሚት የተባለ የማልታ ተወላጅ ሐኪም ደኅና የሚመስሉ ፍየሎች ተሸካሚ መሆናቸውን ደረሰበት። በ1906 የፍየል ወተት ከወታደሩ ምግብ ሲወጣ በጦሩ ውስጥ በሽታው በአጭር ጊዜ ውስጥ አሽቆለቆለ። በሲቪሉ ሕዝብ ዘንድ ግን ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ። ወታደሩ ከፍየሏ ጋር የነበረው ግንኙነት ወተቷ ብቻ ነበር፤ የፍየሏ ባለቤት ግን ያዋልዳታል፣ ያልባታል፣ በረቷን ይጠርጋል። «ወተት አፍሉ» የሚለው ምክር ለወታደሩ በቂ ነበር፤ ለአርቢው ግማሹ ብቻ ነው።

መልስ 2 — ከውስጥ ደዌ ሐኪም

ከላይ የእንስሳት ሐኪሙ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ወደ ሰዎቹ እመለሳለሁ።

ማገርሸት ነው ወይስ አዲስ ልክፍት የሚለውን በእርግጠኝነት መለየት በትንሽ ጤና ጣቢያ ቀርቶ በትልቅ ሆስፒታልም ያስቸግራል። በሚገባ ከታከሙት ሕሙማን ከ5 እስከ 15 በመቶ በሚሆኑት በሽታው ያገረሻል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሕክምናው ካለቀ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ነው። የእርስዎ ታካሚ በአራተኛው ወር መምጣቷ ከማገርሸት ጋር ይስማማል። የቤቱ ሌሎች ሰዎች በዚያው ጊዜ መታመማቸው ግን በረቱ ውስጥ ምንጩ እስካሁን እንዳለ ያሳያል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ማሰብ ይኖርብዎታል። ተሕዋሲው መድኃኒቱን ተላምዷል የሚለውን ግን ከሁሉ በኋላ ያድርጉት። ብሩሴላ የሚኖረው በነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ተሸሽጎ ስለሆነ ብዙዎቹ መድኃኒቶች በበቂ መጠን አይደርሱበትም፤ ካገረሸባቸው ሰዎች የሚገኘው ተሕዋሲም በአብዛኛው ቀድሞ ይሠሩ ለነበሩት መድኃኒቶች እንደተጋለጠ ነው። ሕክምናው የሚከሽፈው ብዙ ጊዜ ከስድስት ሳምንት በፊት በመቋረጡ፣ በአንድ መድኃኒት ብቻ በመታከሙ ወይም አጥንት ውስጥ የገባው በሽታ እንደ ተራው ትኩሳት በመታየቱ ነው። በእኔ ልምድ ትልቁ ምክንያት የመጀመሪያው ነው። ትኩሳቱ በሳምንት ውስጥ ይጠፋል፤ ሰውየው ደህና ነኝ ይላል፤ እንስሳቱም ውኃ ፍለጋ መሄድ አለባቸው፤ የቀረው የአምስት ሳምንት ክኒን በጨርቅ እንደ ተቋጠረ ይቀራል።

የወገብ ሕመሟን በተመለከተ ከሁሉ በላይ ትኩረት ይስጡበት። ብሩሴላ ዳሌና አከርካሪ የሚገናኙበትን መጋጠሚያና የታችኛውን አከርካሪ መያዝ ይወዳል። አከርካሪው ከተያዘ ስድስት ሳምንት አይበቃም፤ ቢያንስ ሦስት ወር ያስፈልጋል። የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳም በጣም ይመስለዋል፤ ነቀርሳው ወደ ደረት አካባቢ፣ ብሩሴላው ወደ ወገብ ማዘንበላቸው ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ሪፋምፒሲንም ስትሬፕቶማይሲንም የነቀርሳ መድኃኒቶች በመሆናቸው፣ ነቀርሳ ያለበትን ሰው ብሩሴሎሲስ ነው ብሎ በእነዚህ ማከም ነቀርሳው መድኃኒቱን እንዲላመድ መንገድ ይከፍታል። ስለዚህ ራጅና የአክታ ምርመራ ወዳለበት ቦታ ሳይልኳት ሁለተኛውን ዙር ባይጀምሩ ይመረጣል። ነቀርሳ አለመሆኑ ከታወቀ ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከእርሱም ጋር ስትሬፕቶማይሲን 1 ግራም በየቀኑ በመርፌ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ቢሰጥ፣ ከዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒሲን ጥምረት ይልቅ የማገርሸት ዕድሉ ያነሰ ነው። ኩላሊቷንና መስማቷን መከታተል ግን አይዘንጋ።

ስለ ምርመራውም አንድ ነገር ልበል። ሮዝ ቤንጋል ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የታመመ ሰው ከዳነም በኋላ ለብዙ ወራት፣ ከእንስሳት ጋር ዕለት ተዕለት በሚኖር ሰውም ላይ ሳይታመም በሽታው አለ ብሎ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱን ሳይሆን ሰውየውን ያክሙ። የዊዳልን ነገር ባላነሣው ይሻለኛል፤ ትኩሳት ያለበትን ሁሉ ታይፎይድ ነው እያለ ስንቱን ብሩሴሎሲስ እንዳሳለፈብን እግዚአብሔር ይወቀው።

ከሰው ወደ ሰው መተላለፍን በተመለከተ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በጡት ወተት፣ በማኅፀንና በደም ልገሳ የተላለፈባቸው አጋጣሚዎች ተመዝግበዋል፤ ሆኖም እጅግ ጥቂት ናቸው። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ሲታመሙ ምክንያቱ እርስ በርስ መተላለፋቸው ሳይሆን ከአንድ በረት መለከፋቸው ነው ብሎ መነሣት ይበልጥ ያስኬዳል። የባልየው የዘር ፍሬ እብጠትና የልጁ ጉልበት ግን ራሳቸውን የቻሉ የብሩሴሎሲስ መልኮች ስለሆኑ ሁለቱም ይመርመሩ። በሽታው ብዙ ሰው አይገድልም፤ ከተለከፉት የሚሞቱት ከመቶ ሁለት አይሞሉም። ከሞቱት አብዛኞቹን የሚገድለው የልብ ውስጠኛው ሽፋንና በሮቹ ሲያዙ ስለሆነ ከዳኑ በኋላም በልባቸው አዲስ ድምፅ ቢሰሙ ዝም ብለው አይለፉት።

መልስ 3 — ከአርቢ ቤተሰብ ያደግሁ

እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን አባቴ ወገቡን ይዞ ዓመታት የኖረ ሰው ነበርና ስለዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ባለሙያዎቻችን ሁልጊዜ «አትንኩ፣ አትጠጡ» ትላላችሁ። ስትጨነግፍ የማይነካ አርቢ ግን የለም። ፍየሏ መሬት ላይ ወድቃ እያቃሰተች ጓንት ወዳለበት ቦታ ሄዶ የሚመለስ ማነው? ደግሞም የምትወልድበት ሰዓት ሌሊት ነው፤ የምታዋልዳትም እናታችን ወይም እኅታችን ናት፤ በስልጠና ላይ የሚቀመጡት ግን አባወራዎቹ ናቸው።

ሌላ ማንም ያላነሣው ነገር አለ። ስትጨነግፍ የተገኘች ፍየል በሚቀጥለው የገበያ ቀን ትሸጣለች። ሻጩ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ልጅ የማትሰጥና ወተቷ የቀነሰ እንስሳ ማስቀመጥ አቅሙ ስለማይፈቅድ ነው። ለማን እንደሚሸጥ አያውቅም፤ ገዢውም ለምን እንደምትሸጥ አይነገረውም። ከአንዱ በረት ወደ ሌላው በሽታው የሚሄድበት ዋናው መንገድ ይህ ይመስለኛል። በአንዳንድ ቦታ «የታመመውን እንስሳ መርምራችሁ እረዱ» ይባላል፤ ካሣ ሳይኖር ይህን ማለት ሰውየውን በስውር እንዲሸጥ መምከር ነው። የእንስሳት ሐኪሙ በዚህ ምን ይላሉ?

መልስ 4 — ከእንስሳት ሐኪሙ

ወንድሜ በትክክል ነክተውታል። መርምሮ ማረድ የሚሠራው በሽታው በመንጋው ውስጥ በጣም ጥቂት በሆነበት፣ እንስሳቱ በሚታወቁበትና ካሣ በሚከፈልበት ቦታ ነው። መንጋዎች በውኃና በግጦሽ በሚገናኙበት ቦታ የሚያዋጣው ክትባት ነው፤ ለበግና ለፍየል ሬቭ 1፣ ለከብት ደግሞ ኤስ 19 ወይም አር.ቢ. 51 (RB51) የሚባሉት ክትባቶች። ክትባቱ አንድ ዓመት ተሰጥቶ የሚተው አይደለም፤ አዳዲሶቹን ግልገሎችና ጊደሮች በየዓመቱ መከተብ ብዙ ዓመታት ያስፈልገዋል። ሬቭ 1 ያረገዘችን ፍየል ሊያስጨነግፍ ስለሚችል ወቅቱን ከአርቢዎቹ ጋር መምረጥ የግድ ነው። አንድ ጊዜ በተሳሳተ ወቅት የተከተበና ግልገሎቹን ያጣ አርቢ ሁለተኛ በሩን አይከፍትልንም፤ እውነቱን ለመናገር ጥፋቱም የእኛ ነው።

ለሐኪሙም አንድ ማስታወሻ አለኝ። ክትባቶቹ ሕያው ተሕዋሲ ያለባቸው ስለሆኑ መርፌው የወጋው ሰው ሊታመም ይችላል። ሬቭ 1 ስትሬፕቶማይሲንን፣ አር.ቢ. 51 ደግሞ ሪፋምፒሲንን ይቋቋማል፤ ስለዚህ በየትኛው ክትባት እንደ ተወጋ ሳይታወቅ መድኃኒት አይመረጥም።

ጓንትን በተመለከተም እንስማማ። ለአንድ ሌሊት ጓንት ባይገኝ እጅ ላይ የሚጠለቅ ወፍራም የላስቲክ ከረጢት ይበቃል፤ ለቁስል በጨርቅ መጠቅለያ፣ ከሥራው በኋላም ሳሙናና ብዙ ውኃ። የወደቀው ሽልና የእንግዴ ልጅ ውሻ ሳይጎትተው በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ተሕዋሲው በቀጥታ ፀሐይ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ በጥላና በእርጥብ አፈር ውስጥ ግን ለሳምንታትና ለወራት ይቆያል። ውሻ ጎትቶ ቁጥቋጦ ሥር የተወው ቁራጭ አደጋው እዚህ ላይ ነው።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ወደ ቤቱ ሄጄ እንደታዘዝኩት ስለ ፍየሎቹ ጠየቅሁ። ባልየው «ደኅና ናቸው» አለ። እናትየዋ ግን ከኋላዬ ተከትላ ወጥታ ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ፍየሎች እንደጣሉ፣ ሽሎቹንም ያወጣችው እርሷ፣ ወደ በረቱ ዳር ወስዶ የጣላቸውም ትንሹ ልጅ እንደሆነ ነገረችኝ። ስለ ወተቱም አንድ ነገር አየሁ፤ ማፍላታቸው እውነት ነው፤ ልጁ ግን ከብት ሲጠብቅ ከእንስሳዋ ጡት በቀጥታ ይጠጣል፤ ይህንንም «ወተት መጠጣት» ብሎ ማንም አይቆጥረውም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ከዚህ ቤተሰብ አጠገብ የምትኖር የአምስት ወር እርጉዝ ሴት ተመሳሳይ ትኩሳት ይዟት መጥታለች፤ የሮዝ ቤንጋል ምርመራውም በሽታውን አመልክቷል። ዶክሲሳይክሊን ልስጣት?

መልስ 5 — ከውስጥ ደዌ ሐኪሙ

አይስጧት። ዶክሲሳይክሊን የፅንሱን አጥንትና ጥርስ፣ ስትሬፕቶማይሲን ደግሞ የፅንሱን ጆሮ ስለሚጎዱ ለእርጉዝ አይመረጡም። የሚሰጣት ሪፋምፒሲን ነው፤ ከእርሱም ጋር ኮትራይሞክሳዞል ሊጨመር ይችላል፤ መውለጃዋ ሲቃረብ ግን ኮትራይሞክሳዞሉ ይቁም። ነቀርሳ እንደሌለባት አስቀድመው ማረጋገጥዎን አይርሱ። ብሩሴሎሲስ በሴቶችም ላይ ጭንገፋ ያስከትላልና ሕክምናው ለነገ አይቆይ፤ ዛሬውኑ የማዋለድ አገልግሎት ወዳለበት ሆስፒታል ይላኳት። ስትወልድ የሚያዋልዷት ሰዎችም ብሩሴሎሲስ እንዳለባት ይንገሯቸው፤ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርገው እንዲቀበሏት።